ወንድሜ ሰው አይቆጥርም

የሰው ታሪክ የሚወራው ሲሞት ነው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ያውም ግማሹ ውሸት ሆኖ። ወንድሜ ዲበኩሉ ግን አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን። እዚሁ መቱ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። እኔ ጥሩአየሁ እባላለሁ፣ ታናሽ እህቱ ነኝ። አፏ ሹል ነው ይሉኛል። ይበሉ። አፌ ሹል ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ዘጠኝ ወር መክረሜ ነው እኔን የሚያበሽቀኝ። ዛሬ ልናገረው።

ዲበኩሉ ሰው አይቆጥርም። ከብት ይቆጥራል፣ ኩንታል ይቆጥራል፣ ሰው ግን በጣቱ እየጠቆመ አንድ ሁለት ብሎ አያውቅም። ነገሩ የመጣው ከእናታችን ነው። ቀበሌ የተቋቋመ ሰሞን አንድ ጸሐፊ ቤት ለቤት እየዞረ ቤተሰብ ሲመዘግብ፣ እኛን በረንዳ ላይ አሰልፎ በእስክሪብቶው እየጠቆመ "ስምንት" ብሎ ጻፈን። ዓመት ሳይሞላ ኩፍኝ ገባና ሁለቱ ታናናሾቻችን በአንድ ሳምንት ሄዱ። እናታችን እስክትሞት ድረስ "ያ ሰውዬ ልጆቼን ቆጠረብኝ" እንዳለች ነው። ዳዊትስ ሕዝቡን ቆጥሮ አይደል መቅሠፍት የመጣበት፣ ትል ነበር። ዲበኩሉን "አንተ ግን ታምንበታለህ?" ስለው "አላምንበትም፤ ግን አልቆጥርም" ይለኛል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ብለው ይከራከራሉ?

በወጣትነቱ ወባ ማጥፊያ ተቀጥሮ የመድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከኖፓ እስከ ያዮ ያለውን ጎጆ ሁሉ በእግሩ ዞሮታል። ኦሮምኛውን እንደዚያ ነው የተማረው፣ አሁን ሲቆጣም ሲጸልይም ሁለቱን ቋንቋ እያደባለቀ ነው። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነ፤ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ሰው ሳይገጭ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ወጥቶ ደግሞ ቤት መቀመጥ አቃተው። ግቢውን ከላይ ታች ሲያካልል እግሬ ስር እየገባ አሳበደኝ። አንድ ቀን እንግዶች ሶር ፏፏቴን አሳየን ብለውት ወስዷቸው ሲመለስ ፊቱ በርቶ መጣና "ሥራ አገኘሁ" አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ወዳጁ አህመድ ዶልፊን መኪናውን ይሰጠዋል። ዲበኩሉ ከስድስት ሰው የማይበልጥ እንግዳ ይዞ አራት ቀን ያዞራል። በመጀመሪያው ቀን ሶር ፏፏቴ፣ በሁለተኛው የኖፓ ደጋ፣ በሦስተኛው የያዮ ቡና ጫካና ገባ በሚባለው ወንዝ መሃል ያለችው ትንሽ ደሴት፣ በአራተኛው መቱ። ምግቡን የማበስለው እኔ ነኝ። ደስ የሚል ሥራ ነበር፣ አልዋሽም።

ታዲያ ሰው ሳይቆጥሩ ሰው እንዴት ይመራል? ዲበኩሉ መላ አበጀ። አናጢ ጋ ሄዶ ስድስት ሚስማር የተመታበት ሳንቃ አሠራ። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ይሰጣል፤ ኩባያው እጀታ ላይ የየራሱ ቀለም ያለው ክር ታስሯል። ከየትኛውም ቦታ ስንነሳ እንግዳው ኩባያውን ለእኔ ያስረክባል፣ እኔ ሚስማሩ ላይ እሰቅላለሁ። ሳንቃው ከሞላ ሰው ሞልቷል ማለት ነው፣ መኪናው ይነሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳተም። በ2011 ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ግን፣ ሳንቃው ሞልቶ ሳለ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ወንዝ መሃል ጥለን ወጣን።

የዚያን ጊዜ እንግዶች አራቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ወጣቶች ነበሩ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ። ከነሱ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ፦ ህሊና የምትባል፣ ትልቅ ሰው ቆሞ እሷ ከተቀመጠች ወንበሩ የሚቆረቁራት ጨዋ ልጅ፤ ኢክረማ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ተጫዋች። ከስድስቱ የቀሩት ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፣ ጋሽ ጌድዮንና እትዬ ሙላቷ። ጋሽ ጌድዮን የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ። በወጣትነታቸው በዚህ በኩል መንገድ ሲቀየስ ድንኳን ጥለው ከርመዋል። "ዓይኔ ሳይፈዝ ገባ ወንዝን አንዴ ልየው" ብለው ነው ሚስታቸውን ጎትተው የመጡት። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ብሏል።

እውነቱን ልናገር፣ እኚህን ሽማግሌ ጥርስ ነክሼባቸው ነበር። በመጀመሪያው ማታ ሽሮዬን ቀመሱና በሰው ሁሉ ፊት "ልጄ፣ መቱ ጨው ጠፋ እንዴ?" አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። ኖፓ ላይ ደግሞ ቅንጬውን አገላበጡና "ሙላቷ ብትሆን ቅቤውን እንዲህ አትሰስትም" አሉ። እኔን! ሠላሳ ዓመት የሰው ሰርግ ወጥ ስሠራ የኖርኩትን ሴት! ከዚያ በኋላ ሻያቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ፊታቸውን ግን አላይም። ዲበኩሉ በጎን መጥቶ "ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ሽማግሌ ናቸው" ቢለኝ "ሽማግሌ ናቸው እንጂ ጳጳስ አይደሉም" አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ያዮ ገባን። የደሴቷ ባለቤት ቀኖ ይባላል፣ ቀፎ ሰቃይ ነው። ደሴቷ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ሾላ ላይ አሥራ ምናምን ቀፎ አለው። ወደ እሷ የሚያሻግረን በራሱ ሥራ ነው፦ ቀርከሃ አስሮ፣ ከሥሩ ባዶ ጀሪካን ደርድሮ፣ እሱ "ጀልባዬ" የሚለውን ነገር ሠርቷል። ከወዲህና ከወዲያ ዛፍ ላይ የታሰረ ገመድ አለ፤ ገመዱን እየሳበ አራት አራት ሰው ያሻግራል። በበጋ ውሃው ከጉልበት ብዙም አያልፍም፣ ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ በእግርም ይሻገሩታል።

ቀኖ ለእንግዳ ማር ከነሰፈፉ ያቀርባል። ጋሽ ጌድዮን ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ በባዶ ሆዳቸው ያን ማር ዋጥ ዋጥ አደረጉት። እትዬ ሙላቷ "ይበቃሃል፣ ሆድህን" ቢሏቸው "የዛሬ ሃምሳ ዓመት የበላሁት ማር ነው፣ ተይኝ" አሉ። እኔም በልቤ፣ እሰይ፣ ጨው የለው ምን የለው፣ አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሾላው ሥር ሻይ አፈላሁ። ፀሐይ ነው፣ ዝንብ እንኳ ደክሞት የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ዲበኩሉ ሸራውን ዘርግቶ ስለ ወባው ዘመን ሲያወራ ቀኖ ድንገት ብድግ አለና ወንዙን አየ። እኔም አየሁ፤ ምንም የለም። ትንሽ ቅጠልና ጭራሮ፣ ከኋላው ደግሞ የቡና ውሃ የመሰለ አረፋ እየተንሳፈፈ ይመጣል። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ነበር ለካ።

"ላግኒ ጉቱፍ ጅራ!" ብሎ ጮኸ። ወንዙ ሊሞላ ነው ማለቱ ነው። "ቶሎ! ቶሎ ውጡ!"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሩጫ ነው። ዲበኩሉ ሸራውን ሊያነሳ ወደ ላይ ሮጠ። እኔ ሳንቃዬን ይዤ ዳር ላይ ቆሜ "ኩባያ! ኩባያችሁን!" እላለሁ። እትዬ ሙላቷ ሰጡኝና ገቡ። ኢክረማ ሰጠኝ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ሰጡኝ። እትዬ ሙላቷ አንድ እግራቸውን ቀርከሃው ላይ አድርገው "ጌድዮንስ?" አሉ። ኢክረማ "ከህሊና ጋር ከኋላ እየመጡ ነው እማማ፣ ይግቡ" አላቸው። መጥፎ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ እንደዚያ መስሎት ነው። ቀኖ ገመዱን ሳበ፣ ሄዱ።

ህሊና እያለከለከች መጣች። በሁለት እጇ ሁለት ኩባያ ይዛለች። አንደኛው የራሷ፣ ሌላው ባለ ቀይ ክሩ፣ የጋሽ ጌድዮን።

አየሁት። ዓይኔ አላጣውም። "የደላቸው ሽማግሌ! ኩባያቸውን እንኳ ልጅ ትሸከምላቸዋለች" አልኩ በልቤ፣ ተቀብዬ ሚስማሩ ላይ ቀጭ አድርጌ ሰቀልኩት። "የት አሉ?" ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! ከአፌ አልወጣም። ለምን? አኩርፌያለኋ! ስማቸውን መጥራት ተጠይፌያለኋ!

ቀኖ ባዶውን ጀልባ ይዞ ሲመለስ ውሃው ጭኑ ጋ ደርሶ ነበር። ዲበኩሉ ሸራውን ጠቅልሎ ወረደ። ሳንቃውን አየ።

"ሞልቷል?"

"ሞልቷል።"

"ሁሉም አሉ?"

"አሉ አልኩህ እኮ! ና ግባ!" አልኩት።

ገባን። መሃል ላይ ስንደርስ ጀልባው ዞረብንና ህሊና ጮኸች። ቀኖ ጥርሱን ነክሶ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፣ ዲበኩሉም አብሮት ሳበ። ወዲህ ማዶ ስንወጣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት እትዬ ሙላቷ ከፊቴ ቆመዋል፣ ከኋላችን ወደ ጀልባው እያዩ ነው።

"ጌድዮንስ?" አሉ።

ሁላችንም ዞረን ባዶውን ጀልባ አየን።

"ጌድዮን ከናንተ ጋር አይደለም እንዴ?"

ህሊና አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ... ከእርስዎ ጋር የቀደሙ መስሎኝ... 'ኩባያዬን ያዢልኝ ልጄ' ብለውኝ ወደ ጫካው ገቡ። እኔ የት ነው የሚሄዱት ብዬ ልጠይቅ? ትልቅ ሰው..."

እውነቷን ነው። ትልቅ ሰው ወደ ዛፍ ጀርባ ሲሄድ ዘወር ይባላል እንጂ ወዴት ነው አይባልም። ኩባያ ሲሰጥም ይቀበሉታል። እሷም እንዲህ ነው ያደገችው፣ እኛም እንዲሁ።

ዲበኩሉ ሳንቃውን አየው። ስድስቱም ሚስማር ላይ ኩባያ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ደሴቷ ዞሮ "ጋሽ ጌድዮን!" ብሎ ሲጮህ የድምፁ መሰንጠቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ወንዙ ድምፁን ዋጠው።

ቀኖ ሊመለስ አንድ እግሩን ጀልባው ላይ ሲያደርግ ከላይ አንድ ግንድ እየተገለባበጠ መጣ። ቀኖ ወደ ኋላ ዘለለ። ግንዱ ጀልባውን መታው፣ ቀርከሃው ተፈታታ፣ ቢጫ ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ሄዱ። ገመዱ ብቻ ቀረ፣ ውሃው እየነካው ይንቀጠቀጣል።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ብቅ አሉ። ከሾላው ጀርባ ነው የወጡት፣ ቀበቷቸውን በእጃቸው ይዘው። ግራ ገብቷቸው ወዲያና ወዲህ ያያሉ። ለካ ያ ማር ሆዳቸውን አበላሽቶት ከሰው ርቀው ተቀምጠው ነበር። በኋላ እንደነገሩን ጥሪያችንን ከሩቅ ሰምተዋል፤ "እዚህ ነኝ ብዬ በዚያ ሁኔታ ላይ ሴት ልጅ ትምጣብኝ?" ብለው አፍረው ዝም አሉ። ይሉኝታ ሰው ይገድላል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

"ጋሽ ጌድዮን ዋና ይችላሉ?" አልኳቸው እትዬ ሙላቷን።

"ባሌ? መታጠቢያ ገንዳም ይፈራል" አሉና አለቀሱ።

ዲበኩሉ መኪናው ጋ ሄዶ የዕቃ መጫኛውን ገመድ አመጣ። ጫፉን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ጫፍ ለቀኖና ለኢክረማ ሰጠ። ገባኝ። ሮጬ ሸሚዙን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ አንተም ዋና አትችልም እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ስልሳ ሁለት ዓመትህ ነው! ሰው እስኪመጣ ጠብቅ!"

"ሰው እስኪመጣ ደሴቷ አትጠብቅም" አለና እጄን አላቀቀው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ በጀልባው መሻገሪያ ገመድ ላይ ሁለት እጁን እየቀያየረ ገባ። መጀመሪያ ደረቱ ድረስ፣ ቀጥሎ አንገቱ ድረስ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ጠፋ። ወጣ። ጠፋ። እትዬ ሙላቷ ክንዴን ይዘው ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ኢክረማ፣ ያ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ ገመዱን ይዞ "አላህ፣ አላህ፣ አላህ" ይላል። እኔ ደግሞ እመብርሃንን ምን ብዬ እንደለመንኳት አልናገርም፣ ግን ስለት ነበረው። እጁ ማዶ ያለውን ሥር ሲይዝ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ደሴቷ ግማሽ ሆናለች። ሻይ ያፈላሁበት ቦታ ውሃ ነው። ዲበኩሉ ሽማግሌውን ወደ ሾላው ገፋቸው። ቀኖ ከዚህ ማዶ በኦሮምኛ ይጮህለታል፣ ለቀፎ መውጫ ግንዱ ላይ የቆረጣቸው የእግር መርገጫዎች በየት በኩል እንዳሉ። ሽማግሌው ከባድ ናቸው። ዲበኩሉ ጎንበስ ብሎ በትከሻው አነሳቸው፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና አነሳቸው። በሦስተኛው ቅርንጫፉን ያዙ። ያን ገመድ ከወገቡ ፈትቶ ሽማግሌውን ከግንዱ ጋር አሰረበት።

"ለምን ፈታው? ለምን ፈታው!" እላለሁ እኔ።

"ለሁለት አይበቃማ" አለ ቀኖ።

ዲበኩሉ ራሱ ግንዱን አቅፎ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ያ ቅርንጫፍ ሁለት ሰው አይችልም፣ ሌላው ሁሉ ቀፎ ያለበት ነው። ግንዱ ሲነቃነቅ ደግሞ ንቦቹ ተነሱ። እጁን ቢለቅ ውሃው ይወስደዋል፣ ስለዚህ ፊቱን ለንብ ሰጥቶ ቆመ።

ቀኖ ከውሃው ዳር ላይ አንድ እንጨት ተከለ። "ይሄን ካለፈው ገና እየሞላ ነው፤ ካላለፈው ቆሟል ማለት ነው" አለን። ሁላችንም ያን እንጨት አየን። ውሃው እንጨቱን ነካ፣ አለፈው። ሁለተኛ ተከለ። ዲበኩሉ ወገቡ ድረስ ነበር፣ አሁን ደረቱ ነው። ሁለተኛውንም አለፈው። ህሊና ወደ መንደር ሰው ልትጠራ ጭቃው ውስጥ እየወደቀች ሮጣለች። ሦስተኛ ተከለ። ውሃው ብብቱ ጋ ደረሰ። ጋሽ ጌድዮን ከላይ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው አናቱን ይዘውለታል፣ ምን እንደሚሉት አይሰማም።

እትዬ ሙላቷ እኔ ላይ ተጠግተዋል። አቅፌያቸዋለሁ። "አይዞዎት፣ እግዜር አለ" እላቸዋለሁ። እንዴት ያለ አፍ ነው ያለኝ! ልቤ ውስጥ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚዞረው። ያን ኩባያ እኔ ሰቀልኩት። እኔ አየሁ፣ እኔ ዝም አልኩ፣ አሉ ያልኩትም እኔ ነኝ። ወንድሜ በእኔ ኩርፊያ እየሞተ ነው።

ሦስተኛው እንጨት ሥሩ ረጠበ። ጠበቅን። ረጥቦ ቀረ። ቀኖ ተንበርክኮ በጣቱ ለካው፣ ከዚያ ሳይነሳ "ዳባቴ" አለ። ቆመ ማለቱ ነው። ማንም እልል አላለም፣ ሁሉም ደንዝዞ ነበር።

ሰዎች ወፍራም ገመድ ይዘው የመጡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ውሃው ያን ጊዜ ወደ ወገብ ወርዷል። ስድስት ጎረምሳ ገብቶ ሁለቱንም አወጣቸው። ጋሽ ጌድዮን በብርድ ከንፈራቸው ጠቁሯል እንጂ ሰውነታቸው ደህና ነበር። የወንድሜ ፊት ግን ፊት አልነበረም። አንድ ዓይኑ አብጦ ጠፍቷል፣ ከንፈሩ እንደ እንጀራ ሊጥ ተነፍቷል።

እትዬ ሙላቷ ባላቸውን ዳሰሱ፣ ፊታቸውን፣ ደረታቸውን፣ እግራቸውን። ሙሉ መሆናቸውን ሲያረጋግጡ ቀና አሉ። ያን የመሰለ ቁጣ በዚያ የመሰለ ለስላሳ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

"ሁሉም አሉ ያለው ማነው?" አሉ። "ባሌን እዚያ ትቶ፣ ሁሉም አሉ ብሎ ያስነሳው ማነው?"

ልናገር ነበር። እምላለሁ፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዲበኩሉ በዚያች በቀረችው አንድ ዓይኑ አየኝ። አንዴ ብቻ ነው ያየኝ።

"እኔ ነኝ" አለ።

በጥፊ መቱት። በዚያ በተነደፈ ፊቱ ላይ። "የሰው ነፍስ በኩባያ የሚቆጥር! ደንቆሮ!" አሉት። ጋሽ ጌድዮን "ተዪው ሙላቷ፣ ያወጣኝ እኮ እሱ ነው" ቢሉ "ረስቶ ማውጣት ውለታ ነው?" አሉ። ዲበኩሉ አንገቱን ደፍቶ "ይቅር በሉኝ እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። እኔ ቆሜ አየሁ። አፈ ሹሏ ጥሩአየሁ!

መቱ ትንሽ ከተማ ናት። እኛ ሳንደርስ ወሬው ባጃጅ ተሳፍሮ ቀድሞን ገብቷል። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ "ወንድምሽ ሰው ወንዝ ላይ ጥሎ መጣ አሉ" ይሉኛል፤ አንዲቷ ደግሞ "አርጅቷላ፣ ምን ያድርግ" አለችልኝ። እንግዳ ቀረ። አህመድ ክፉ ሰው አይደለም፣ ተሳቆ ተሳቆ መጥቶ መኪናውን ወሰደ። ዲበኩሉ ፊቱ ዳነ፣ እሱ ግን አልዳነም። ያ ግቢውን ሲያካልል የነበረ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሆነ። ሃያ ስምንት ዓመት የነዳ ሰው፣ ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ የሚስቁበት።

ስንት ጊዜ ላናግረው አልኩ! አንድ ቀን ምሳ አቅርቤ "ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን..." ስል ጉርሻ አጎረሰኝ። "ብዪ" አለኝ። ሆድ ይፍጀው ማለቱ ነው። ለእሱ ይፍጀው፣ የኔ ሆድ ግን አልፈጀውም።

በጥር፣ ሊጥ እያቦካሁ ስልኬ ጮኸ። እጄ ሊጥ ስለሆነ ዲበኩሉን "ክፈትልኝ፣ ድምፁንም ልቀቀው" አልኩት። ከፍቶ አጠገቤ ዱካው ላይ አስቀመጠልኝ።

"ጥሩአየሁ? እኔ ነኝ፣ የጌድዮን ሚስት፣ ሙላቷ።"

ዲበኩሉ ቆሞ ቀረ።

"ደህና ነሽ ልጄ? ይኸውልሽ፣ ይሄ ሽማግሌ አላስቀምጥ አለኝ። 'ያን ቦታ ሳልጨርሰው ነው የመጣሁት' ይላል፣ ጓደኞቹንም አሳመጸ። አራት ሆነን ልንመጣ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ሰውዬ ካለበት አልመጣም። ሹፌር ፈልጊና አንቺ ምሪን። አንቺ ያን ቀን አቅፈሽኝ ነበር፣ አልረሳውም። አንቺን አምንሻለሁ።"

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። በእጁ "እሺ በያቸው" አለኝ። ይኸው! እሺ በያቸው! ሥራውን አንቺ ውሰጂው፣ ስሙን እኔ ተሸክሜዋለሁ። ንድድ አልኩ። በእሱ ነው ወይስ በራሴ አላውቅም፣ ብቻ ነደድኩ።

"እትዬ ሙላቷ" አልኩ፣ "ሁሉም አሉ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ወንድሜ አይደለም። እሱ ጠየቀኝ፣ እኔ አሉ አልኩት። የባለቤትዎን ኩባያ ህሊና ይዛ ስትመጣ አይቻለሁ። የት አሉ ብዬ አልጠየቅኋትም። በጨው ነገር አኩርፌያቸው ነበር። በጨው! እርስዎ ሲመቱት እኔ ከጎንዎ ቆሜ ነበር።"

ዲበኩሉ "ተይ!" አለ በሹክሹክታ። አልተውኩም። ዓይኔ እየፈሰሰ ሊጡ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጄም አልጠረገውም።

ስልኩ የተዘጋ መሰለኝ። የእትዬ ሙላቷ ትንፋሽ ሲሰማኝ ነው አለመዘጋቱን ያወቅሁት።

"ታዲያ እሱ ለምን እኔ ነኝ አለ?"

"ወንድሜ ስለሆነ።"

"አጠገብሽ አለ?"

"አለ።"

"አቅርቢልኝ።"

በሊጥ እጄ ስልኩን አንስቼ ዘረጋሁለት። አልቀበልም የሚል መስሎኝ ነበር። ሱሪው ላይ መዳፉን ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ተቀበለኝ።

"አቤት እመቤቴ" አለ። "ጋሽ ጌድዮን ደህና ናቸው?"